ጥር ላይ ያፈሰሰው ጣሪያ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ቤት የምታወጡትን ጽሑፍ አልፌው አላውቅም። ስለ ቀለም፣ ስለ ሴራሚክ፣ ስለ ጅብሰም ዲዛይን ብዙ ጽፋችኋል። ስለ ኮርኒስ ቀዳዳ ግን አንድም ቀን አላነበብኩም። እኛ ሰፈር ሰው በብርድ የሚሰቃየው ደግሞ በዚያ ቀዳዳ ምክንያት ነው። ስለዚህ በራሴ ቤት ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ከባህር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ሜዳ ስለሆነ ነፋሱን የሚያግድ የለም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ከመሃል አዲስ አበባ ልብስ ለማሰፋት የሚመጡ ደንበኞቼ ገና ከመኪና ሲወርዱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ።

ቤታችን የብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ። እኔ፣ እናቴና ልጄ ነን የምንኖርበት። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። በጋው ሲገባ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የምትተኛው። እንዲያም ሆኖ ሌሊት ስታስል እሰማታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ከእማዬ አልጋ በላይ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ወጣ። የሰታቴ ክዳን ያክላል። ዝናብ ካየን ሦስት ወር አልፎናል። ግራ ቢገባኝ ቆርቆሮ ጠጋኝ ጠራሁ። ወጣ፣ ምስማሩን ሁሉ ካትራሜ ቀባ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሳምንቱ ክቡ ሰፋ። ሁለተኛ ሰው አመጣሁ። "ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር" አለኝ። የቆርቆሮን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ገንዘቡ ስላልነበረኝ ተውኩት። እንኳንም ተውኩት።

ነገሩ የተገለጠልን በቡና ሰዓት ነው። እሑድ ማታ ነበር። ብርዱ ስለበረታ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ተቀምጠናል። ልጄ ቡናውን ታቀርባለች፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይበተናል ብዬ ሳይ አልተበተነም። ወደ አምፖሉ ዞረ። አምፖሉ በተሰቀለበት ማቀፊያ ዙሪያ እየቀጠነ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባው፣ ስልል ብሎ ገባና ጠፋ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። "እማዬ፣ እይው እስቲ" አልኳት። ቀና ብላ አየችና "ውይ ልጄ፣ ቤቱ ዕጣኑን ጠጣው" አለች።

ልጄ ፖሊ ቴክኒክ ኮንስትራክሽን ትማራለች። ማጨሻውን አንስታ ወንበር ላይ ወጣች። ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ ይዛ ቤቱን ዞረች። አንዳንድ ቦታ ጭሱ ዝም ይላል። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሽው ብሎ ይገባል። ከእማዬ አልጋ በላይ፣ ቢጫው ክብ አጠገብ፣ ጣቴ የሚገባበት ክፍተት አገኘን። ለዓመታት ቀና ብዬ አላየሁትም።

እንዲህ ነው ነገሩ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቀዳዳ ካገኘ በዚያው ያመልጣል። የወጣውን ያህል ደግሞ ከታች፣ በበር ስርና በመስኮት ጠርዝ፣ ቀዝቃዛው ይተካል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በበሩ ስር ጨርቅ ስጠቀጥቅ ኖሬያለሁ። ብርዱን ከታች የሚስበው ግን የላይኛው ቀዳዳ ነበር።

ቢጫው ክብስ? ቆርቆሮ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እኛ ደግሞ እቤት ውስጥ እናበስላለን፣ ቡና እናፈላለን፣ እርጥብ ልብስ እናሰጣለን፣ እንተነፍሳለን። ያ ሁሉ እንፋሎት በቀዳዳው ይወጣና ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የድስት ክዳን ከውስጥ በኩል እንደሚያልበው ማለት ነው። ሲበዛ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ጣሪያችን አላፈሰሰም ነበር። ያላበው የራሳችን ትንፋሽ ነው። እኔ በማላውቀው ነገር ሁለት ሰው አስወጥቼ ከፈልኩ። በበጋ ጣሪያው "የሚያፈስበት" ሰው ካለ፣ ቆርቆሮውን ከማስቀየሩ በፊት እባካችሁ ዕጣን ያጭስ።

መጀመሪያ የወሰድኩት መፍትሔ ስህተት ነበር። ልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቷል። በጆንያ አወጣሁና ያገኘነውን ክፍተት ሁሉ ወተፍኩት። ትንሽ የተሻለ መሰለኝ። በሚቀጥለው በጋ ክቡ ተመልሶ መጣ። አንዱን ጨርቅ ስቤ ሳወጣው ነጭ ፖሊስተር የነበረው ጥላሸት መስሏል። አቧራው ከአንድ ወገኑ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ደርሷል። ያኔ ነው የገባኝ። ጨርቅ አየር አያቆምም፣ ያጣራል እንጂ። ይሄን እንኳ ከሙያዬ ማወቅ ነበረብኝ። ሹራብ ለብሰው ነፋስ ላይ ቢቆሙ ብርዱ ሰውነት ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ከላይ ስስ የንፋስ ጃኬት ሲደረብበት ነው ሹራቡ የሚያሞቀው። ኮርኒስ ላይ ስፖንጅ ወይም ፋይበር ለማንጠፍ የምታስቡ ሰዎችም ይሄን አትርሱ። ቀዳዳው ሳይዘጋ የሚነጠፍ ነገር የእኔ ጨርቅ ዕጣ ነው የሚደርሰው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አናጢ ይዤ በደንብ ሠራነው። አናጢው ጋሼ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። በኮርኒሱ መውጫ ገባና ባትሪውን አጠፋ። እኛ ከታች የክፍሎቹን መብራት ሁሉ አበራን። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ነይ ውጪና እዪው" አለኝ። በመሰላሉ ወጣሁ። በ56 ዓመቴ የቤቴን ኮርኒስ ከላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጨለማ ውስጥ ቀጫጭን ብርሃን ከታች ወደ ላይ ተሰንቅሯል። በግድግዳው ጠርዝ ረጅም መስመር፣ በአምፖሎቹ ዙሪያ ክብ፣ የመብራት ሽቦ በሚገባባቸው ቦታዎች ነጠብጣብ። አየር የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አቧራው ጠቁሮ ምልክት ጥሏል። ከዚያ በኋላ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

ያልጠበቅነው የብሎኬቱን ነው። የክፍል መለያው ግድግዳ አናቱ ላይ አልተደፈነም። የብሎኬቱ ባዶ ሆድ እንዳለ ወደ ጣሪያው ተከፍቷል። ግድግዳው ራሱ ጭስ ማውጫ ሆኖልን ኖሯል። ጋሼ እጁን ከላይ ቢያስጠጋ የክፍላችን ሙቀት ይነፍሰዋል። ያንን በሲሚንቶ ደፈነው። ሰፋፊውን ክፍተት ቺፕውድ ቆርጦ መታበትና ጠርዙን በሲሊኮን አተመው። ስንጥቁን በጄሶ ሞላ። ቱቦ የሚያልፍበትን በፎም ነፋ። ሽቦ ያለበትን ከመንካቱ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋን። ጢስ ማውጫ ያላችሁ ሰዎች ግን በዙሪያው ፎምም እንጨትም አታስጠጉ፣ ይቀጣጠላል። በላሜራና በሲሚንቶ ነው የሚዘጋው። የኮርኒሱን መውጫ ክዳን እኔ ራሴ ሠራሁት። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በቀጭኑ ቆርጬ፣ በወፍራም ሸራ ለብጄ፣ በጠርዙ ዙሪያ አጣበቅኩት። አሁን ሲዘጋ ጥብቅ ይላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልጄና ጋሼ ተከራከሩ። እሱ የቆርቆሮውን ጫፍ፣ ከውጭ በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያም በፎም ልዝጋው አለ። እሷ እምቢ አለች። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ የውጭ አየር ማግኘት አለበት፣ አለዚያ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ሞራሌውን ያበሰብሰዋል አለችው። በመጨረሻ ለወፍና ለአይጥ ብለን የሽቦ ወንፊት ብቻ መታንበት። ኮርኒሱ ይዘጋል፣ ጣሪያው ይተነፍሳል።

ወጪው ከጋሼ የእጅ ዋጋ ጋር ተደምሮ አንድ ደህና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሚገዛበት ብዙም አልበለጠም። ልጄ ከሥራው በፊት አንድ ሳምንት፣ ከሥራው በኋላ አንድ ሳምንት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእማዬን ክፍል ሙቀት መዘገበች። በፊት 10 እና 11 ዲግሪ ነበር። በኋላ 13 እና 14 ሆነ። ሦስት ዲግሪ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። በ81 ዓመት ብዙ ነው። እማዬ ሻርፑን ትታዋለች፣ ሳሏም ቀንሶላታል። ቀን ላይም ለውጥ አለ። በፊት ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ከላይ የሚወርደው ወበቅ ራስ ያዞር ነበር።

ማሞቂያችን ባለ 2,000 ዋት ነው። በፊት ማታ ማታ አራት ሰዓት ሙሉ እናበራው ነበር። ይሄ በቀን 8፣ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። አሁን በጣም ሲበርድ አንድ ሰዓት ቢበራ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ የተቀመጠ ነው። ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህም ዋጋው እየጨመረ መጥቷል። ካርድ የምትሞሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አሁን የምጽፈውን ግን ከሁሉም በላይ በትልቁ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ። ቤቱን የዘጋ ሰው ከሰል እቤት ውስጥ አያስገባ። ጎረቤቴ ያለች ተከራይ ሌሊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ መኝታ ክፍል አስገብታ ተኛች። ጠዋት ልጇ ሲጮህ ሰምተን በሩን ከፈትን። ራሷን ስታ አገኘናት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። "ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍሙ ቀልቷል" ብሎ ማስገባት አያድንም፣ የቀላው ፍምም ይገድላል። እስከ ዛሬ ብዙዎቻችንን ያተረፈን ምናልባት ያ የኮርኒስ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ቀዳዳውን የሚዘጋ ሰው ከሰሉንም አብሮ ይተው። ለማብሰልም ለቡናም ውጭ ወይም ከቤቱ በተለየ ማዕድ ቤት ይሁን። እኛ ያን ቀን ምድጃውን በረንዳ አወጣነው፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት ተመልሶ አልገባም። ዕጣኑንም ሁለት ፍም ብቻ ይዘን፣ መስኮት ከፍተን ነው የምናጨሰው። በየቀኑ ረፋድ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቶ ቤቱን ማናፈስም ያስፈልጋል።

የማዳበሪያ ኮርኒስ ያላቸው ብዙ ተከራዮች አሉ። አናጢ መጥራት አይችሉም፣ ቤቱም የእነሱ አይደለም። ወፍራም ላስቲክ ዘርግቶ ጠርዙን ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ግድግዳው ላይ አጥብቆ መምታት ብዙ ይረዳል። አከራዮች ይሄን ብታደርጉላቸው ምን አለበት? ላስቲኩ የአንድ ወር ኪራይ አይሞላም።

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ገላን፣ እኛም ሰፈር፣ ቤት ገና እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ያለችው አንድ ቀን ናት። በዚያች ቀን ሥራ ትታችሁ ሠራተኞቹ ጋ ቁሙ። የብሎኬቱ አናት ይደፈን። ሽቦና ቱቦ ያለፈበት ይታተም። ያኔ ቆሞ የሚሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከተመታ በኋላ ግን ሰው በሆዱ እየተሳበ ነው የሚገባው። የእኛን ቤት የሠራው ሰው ስለ ክፍተቱ ስጠይቀው "ኮርኒስ ለውበት ነው እትዬ" ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ዘጠኝ ክረምትና ዘጠኝ በጋ አለፈ።

ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። የግንባታ ባለሙያ ጋብዛችሁ ይሄንን በሥዕል ቢያሳይልን፣ የት የት እንደሚደፈንና የት እንደማይደፈን። ጋዜጣው ሱቄ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለልክ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል።

የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ገና ይቀራል። በቱቦው ዙሪያ ጭሱ አሁንም ይገባል። ጋሼ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኛል፣ ሲሊኮኑን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከሱሉልታ