ፎብ ሲጠፋ ቶሎ ይደውሉልን

ለክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን ስለ ፎብ (ለመግባት በሩ አጠገብ ስለሚያስጠጉት ትንሽ የፕላስቲክ መክፈቻ) በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። «ፎቤ ጠፋ፤ የሕንፃው በር ቁልፍ ሊቀየር ነው?» መልሳችን አጭር ነው። ምንም አይቀየርም፤ ግን ሳያድር ይደውሉልን። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንንገርዎ።

ፎቡ ውስጥ ባትሪ የለም። ቢሰነጥቁት (ባይሞክሩት ይሻላል) የሚያገኙት የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦና ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቺፕ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ማንበቢያ ዙሪያውን ደካማ የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ፎቡን ሲያስጠጉት ሽቦው ከዚያ መስክ ኃይል ያገኛል፤ ቺፑም ነቅቶ ቁጥሩን ይልካል። እንቢ ካለዎት ብዙ ጊዜ ሁለት ፎቦች ተደራርበው ነው፣ ወይም ብረት ጋርዶታል። ለብቻው ያስጠጉት።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ፎቡም ሆነ ማንበቢያው በራሱ በር አይከፍትም። ቁጥሩ በሽቦ አድርጎ በተቆለፈ ቦታ ወደተቀመጠ መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ ዝርዝሩን ያያል። ቁጥሩ ተመዝግቧል? ይህ በር ተፈቅዶለታል? በዚህ ሰዓት? ሁሉም ከተሟላ መቆለፊያው ይለቃል። የእርስዎ ፎብ ዋናውን በር ከፍቶ የጀነሬተሩን ክፍል የማይከፍተውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፎብ ሲጠፋ ቁጥሩን ከዝርዝሩ እንሰርዛለን፤ አለቀ። ያነሳው ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ፕላስቲክ ነው። እስኪደውሉልን ድረስ ግን ፎቡ ይሠራል። አንዳንዶቻችሁ ፎቡ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የቤት ቁጥር ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ ላጡት።

ስለ ኮፒም እንጠየቃለን። በ125 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩት የድሮዎቹ ፎቦች አብዛኞቹ ቁጥራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጣሉ። ርካሽ መሣሪያ ያለው ሰው በሰከንዶች ኮፒ ያደርጋቸዋል። በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት የተሻሉ ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ማይፌር ክላሲክ የተባለው ዓይነት ምስጢራዊ ኮዱ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ተሰብሯል። ኤኢኤስ የሚባለውን ምስጠራ የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ፣ ውስጣቸው ያለውን ምስጢራዊ ኮድ ሳያወጡ ትክክለኛ መሆናቸውን ለማንበቢያው ያረጋግጣሉ። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ጥሩ ፎብ ገዝቶ፣ ምስጠራው ቀርቶ ማንበቢያው የመለያ ቁጥሩን ብቻ እንዲያይ መተው ገንዘብ መጣል ነው። የሕንፃችሁ ኮሚቴ ለመቀየር ካሰበ ፎቡም፣ ማንበቢያውም፣ ማንበቢያው የሚስተካከልበት መንገድም አብሮ ይታይ።

መብራት ሲጠፋስ? ሳጥኑ መጠባበቂያ ባትሪ አለው። እሱም ካለቀ የማግኔት መቆለፊያ ይለቃል እንጂ አይቆልፍም፤ ሰው በእሳት ጊዜ ውስጥ እንዳይታገት ተብሎ ነው።

ሳጥኑ የትኛው ፎብ፣ የትኛውን በር፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተም ይመዘግባል። የሚያውቀው ፎቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለእንግዳ ካዋሱት የሚመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። በሩን ይዘውለት ተከትሎዎት የገባውን ሰው ደግሞ ጭራሽ አያየውም። ይሉኝታው ይገባናል፤ ቢሆንም ነዋሪ ከሆነ የራሱን ፎብ ቢያስነብብ አይከፋውም።

ፎቡ ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥር ካለ አሁኑኑ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ሲደውሉ እሱን ብቻ ከነገሩን ፍለጋው ያጥራል። የነዋሪዎች ግሩፕ ላይ ግን አይለጥፉት፤ በአንዳንድ ፎቦች ላይ ያ ቁጥር ራሱ ቺፑ የሚልከው ቁጥር ነው። ቤት ሲለቁም ፎቡን ለአስተዳደሩ ያስረክቡ፤ እኛም እንድንሰርዘው ያሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር፣
የመግቢያ ሲስተም ጥገና ክፍል