ስለ አዲሷ ቮልስዋገኔ

ውድ አባላት፣

የነገርኳችሁ አሮጌ ቮልስዋገን ቢትል በመጨረሻ እጄ ገብታለች። ሻጩ «አንድም ዕቃዋ አልተነካም» ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

የኋላውን መቀመጫ አንስቼ አቧራውን ስጠርግ የሻንሲው ቁጥር በ118 ጀመረ። 11 ዓይነቷን፣ 8 ደግሞ የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መሆኗን ይናገራል። የሞዴሉ ዓመት ከኦገስት ስለሚጀምር በ1967 መጨረሻ የተሠራችም 8 ነው የምትይዘው፤ ደብተሯ ላይ 1967 ተጽፎ ብታዩ አትደናገጡ።

ጉዱ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር የተመታው ቁጥር «ኤዲ» (AD) በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ ይህ ፋብሪካው ከ1970 አጋማሽ በኋላ ያወጣው ባለ 1600 ሲሲ ሞተር ነው። አልተነካም የተባለው እንግዲህ ይህ ነው! ሞተሩ ግን ድምፁ ሸጋ ስለሆነ ለጊዜው አልነካውም።

ይበልጥ ያናደደኝ የግራው የፊት ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ነው። ማግኔት ሳስጠጋበት ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ሁሉ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። መስታወቶቹ ከአንዱ በር በቀር ተመሳሳይ የፋብሪካ ምልክት አላቸው።

ለዘመኗ የሚስማማውን፣ ቁጥሩ በ«ኤች» (H) የሚጀምር ባለ 1500 ሲሲ ሞተር ያላችሁ ጻፉልኝ። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ግን ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና አለመመታቱን በባትሪ ብርሃን አያለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።