«ይቺ የእኛዋ ናት?» ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ሽሮውን በፖስታ ልካልሻለች።

ሐምሌ ላይ ከኮለምበስ ተነሥተን ኬንታኪ፣ ፒተርስበርግ ወደሚገኘው፣ የመጽሐፍ ቅዱስን የፍጥረት ታሪክ ቃል በቃል ወደሚያስተምረው የፍጥረት ሙዚየም የሄድን ዕለት ሳልመልስልሽ ያለፍኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዳይኖሰር አጠገብ የሚጫወቱትን ሕፃናት ምስል አይተሽ ዝም አልሽ። ድንቅነሽ ዘንድ ስንደርስ ግን እጄን ያዝ አድርገሽ «አባዬ፣ ይቺ የእኛዋ ናት?» አልሽኝ። በጣቶቿ መሬት ተደግፋ፣ ጎሪላ መስላ ቆማ ነበር።

አዎ ልጄ፣ የእኛዋ ናት። አካሄዷ ግን እንደዚያ አልነበረም። የዳሌ አጥንቷ እንደ እኔና እንደ አንቺ አጭርና ሰፊ ነው፤ የቺምፓንዚ ረጅምና ጠባብ ነው። የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር እግሩን ከሰውነቱ ሥር የሚያሳርፈው እንዲህ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ብትሆንም ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው የተባለውም በግምት አይደለም። አጥንቷ በተገኘበት በአፋሩ ሐዳር በአፈሩ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። በአመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የተጠራቀመው ጋዝ ሲለካ ዕድሜው ይታወቃል።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አጥንት ሲቆፍሩ የሚያሳየውን ታስታውሻለሽ? አጥንቱ አንድ ነው፣ የሚለያዩት በመነሻቸው ነው ይላል። ብዙ አሰብኩበት። ሰው ከእምነቱ ተነሥቶ ዓለምን ማየቱ እውነት ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ነገር ግን ከየትም ብነሣ ያ ዳሌ ሰፊ ነው።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው፣ ይህን ካልተቀበልሽ መጽሐፉን ክደሻል የሚል መንፈስ ከአዳራሽ አዳራሽ ተከትሎን ነበር። የእኛ አባቶች በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ መሪጌታው የዘመኑን ወንጌላዊ የሚያወጣው በዚሁ ቁጥር ነው። በዚህ ሒሳብ ዛሬ ከ7500 አልፈናል። ከሙዚየሙ ቆጠራ ጋር አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ተለያየን ማለት ነው፤ ታዲያ ማናችን ካድን? እግዚአብሔር ፈጠረ ብዬ ስጸልይ የቀኑን ብዛት ይዤ አይደለም የምቆመው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባበት ዕለት። አፋር በረሓ ላይ አጥንቷ ከአፈር ሲወጣ አያትሽ አዲስ አበባ ቅዳሴ አስቀድሳ ጾሟን ጀምራ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ለገና አዲስ አበባ ስትሄጂ አያትሽን ይዘሻት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ግቢ። ደረጃው ላይ እጇን ያዣት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ቢሆንም ቅርጹ ያው ነው፤ ዳሌዋን አሳያት። ምን እንዳለችሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ