የዓሣ ገንዳም እርሾ ይፈልጋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ስለ ጓሮ አኳፖኒክስ፣ ማለትም የዓሣ ገንዳን ውሃ አትክልት በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ እያዞሩ ዓሣና አትክልትን አንድ ላይ ስለ ማሳደግ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ገንዳ፣ ፓምፕና የዓሣ ጫጩት ያለው ሰው በሳምንቱ ሥራ መጀመር እንደሚችል ተገልጿል። ሥራውን ማስተዋወቃችሁ ደግ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አምኖ የገባበት ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት የሞተ ዓሣ ሲለቅም መገኘቱ አይቀርም። ሌሎች ሰዎችም ተነስተው ገንዘባቸውን ከማፍሰሳቸው በፊት ይህን ማረሚያ ብታወጡልን።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል። 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው 100 ግራም መኖ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣዋል፤ በ1,000 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲበተን በሊትር 3 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ነገ ሌላ 3 ይጨመርበታል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ተክሉ ወደሚመገበው ናይትሬት የሚለውጡት ጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ በታጠበ ጠጠር ላይ ደግሞ እነዚህ የሉም። ጤፉን አቡክቶ፣ እርሾ ሳይጨምሩና ሳያሳድሩ በዚያው ሰዓት ምጣድ እንደ መጣድ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ደግሞ ከሌላው በበለጠ ይጠንቀቅ። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ፒኤች (የውሃው ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሙቀት ሲኖረውና ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን 5 በመቶ፣ 8.5 ሲሆን ደግሞ 15 በመቶ ግድም ይደርሳል። የአሞኒያ መመርመሪያው ያሳየው ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ገንዳ ውስጥ ዓሣው ሲጫወት ሌላው ውስጥ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ገንዳውንና መደቡን ውሃ ሞልታችሁ ፓምፑን አስነሱ፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ቀን አየር እየነፋችሁ አቆዩት። ከዚያ ለ1,000 ሊትር 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ዩሪያ በውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ ወዲያው አሞኒያ አይሆንም፤ ለመፍረስ ቀናት ይወስድበታል። በማግስቱ ሲለካ ምንም ስላላየ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማንኪያ የሚጨምር አለ። በሳምንቱ ሁሉም አንድ ላይ ይፈርስና ባክቴሪያዎቹን እንኳ የሚያፍን አሞኒያ ይሆናል። አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ጠብቁ። ከቆየ ጤነኛ ገንዳ አንድ ሁለት ኪሎ ጠጠር እርጥብ እንደሆነ ካገኛችሁ መደቡ ውስጥ ቅበሩት፤ እርሾው እሱ ነው። በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየወረደ ናይትራይቱ ይወጣል፣ በመጨረሻ ናይትሬት ይታያል። በሞቃት ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ከዚያም በላይ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲቀር ያን ጊዜ ጫጩት ግዙ። በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት ያባዛል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። ለመደቡ ከቀይ አሽ የተሻለ ጠጠር የለም፤ ቀላል ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያው የሚሰፍርበት ቦታ ሰፊ ነው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ንፉና ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ፤ ዱቄቱ ፓምፕ ይበላል። ሌላ ዓይነት ጠጠር ከሆነ ጥቂቱ ላይ አቼቶ አፍስሱ፤ ከተንጫጫ ኖራነት ስላለው ፒኤቹን እየጎተተ ያወጣባችኋልና ተዉት። የመደቡ ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትሩን ውሃው አይድረስበት፣ አለዚያ አልጌና ትንኝ ይወርሰዋል። ነጭ ሮቶ ብርሃን ስለሚያስገባ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ጥቁር ቀለም ቀቡት ወይም ሸፍኑት። ፓምፑን ዓሣው ገንዳ ውስጥ አታስቀምጡ። ከመደቡ በታች ባለ ሌላ ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይሁን፣ ዓሣው ገንዳ ከላይ ሞልቶ ይፍሰስ። እንዲህ ከሆነ አንድ ቱቦ ሌሊት ቢወልቅ የሚደርቀው ማጠራቀሚያው ነው እንጂ ዓሣው አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የፓምፕ አቅም ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ የተለካ ነው፤ በሰዓት 1,000 ሊትር እንዲያዞር ከፈለጋችሁ 2,000 የሚለውን ግዙ።

ብዛቱን በተመለከተ የሚቆጠረው የዓሣው ራስ ሳይሆን መኖው ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ ለያዘ 1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ከ50 እስከ 80 ግራም ይመጥናል። 250 ግራም የደረሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ግድም ይበላል። ስለዚህ 30 ቆሮሶ 7.5 ኪሎ ይሆናል፣ 150 ግራም መኖ ይፈልጋል፣ ያንን ለማጣራት 3 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃዋል። 1,000 ሊትር ሮቶ ላለው ጀማሪ ይኸው ልክ ነው። መኖውን በ10 ደቂቃ የማይጨርሱ ከሆነ የቀረውን በወንፊት አውጡት። ከሥር ተኝቶ የሚበሰብስ መኖ ከራሱ ከዓሣው የባሰ ውሃ ያበላሻል።

አዲስ አበባ ለቆሮሶ ብርድ ናት። ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚያድገው ዓሣ ከ16 ዲግሪ በታች አፉን ይዘጋል፣ ወደ 11 ሲወርድ ይሞታል። የላስቲክ ቤት የሌለው ሰው ኅዳርና ታኅሣሥን እንዴት እንደሚያልፋቸው አስቀድሞ ያስብ። ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ ከ6 ብዙም አያልፍም። መብራት ሲጠፋ ታዲያ የባሕር ዳርቻ ሰው ያለውን ያህል ጊዜ እናንተ የላችሁም። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መብራት ሲሄድ ራሱ እንዲነሳ አድርጋችሁ ግጠሙ። መብራት በሚያስቸግርበት ሰፈር አምባዛ ይመረጣል፤ ከውሃው በላይ አየር ስለሚስብ አይታፈንም። ዕድሜያቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ከተለያየ ግን እርስ በርስ ይበላላሉና በየጊዜው ለዩአቸው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ነው፤ ለጎረቤት ሊሸጥ ያሰበ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ናይትራይት ድንገት ከወጣ መኖ አቁማችሁ ለ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው በትኑ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይከለክለዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሶታል፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ የተለመደ ነው፣ መኖ በመጨመር አይድንም። የተባይ መድኃኒት ቅጠሉ ላይ አትርጩ፤ ጎረቤት ሲረጭም ቢሆን ገንዳውን ሸፍኑ። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ወንድና ሴት ከተቀላቀሉ ገንዳው ጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላል፣ የሚበላም አይወጣውም። ስለዚህ ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት ጠይቁ።

በጽሑፉ መጨረሻ አውስትራሊያውያን በየጓሯቸው ስለሚያረቡት ያቢ ስለሚባለው፣ ሎብስተር ስለሚመስለው ባለ ጥፍር የንጹህ ውሃ እንስሳ አንስታችሁ ከውጭ ቢመጣ ጥሩ ነበር ብላችኋል። እዚያ አገር የተፈጥሮ ነዋሪ ነው። ከዓሣው ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው ገንዳ ይሰጠዋል፤ ቅርፊቱን በሚቀይርበት ጊዜ ሥጋው ለስላሳ ስለሚሆን ጓደኞቹ ይበሉታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ቱቦ መደበቂያ ይቀመጥለታል። ካልሲየም ይፈልጋል፣ መዳብ ይገድለዋል፣ ያልተከደነ ገንዳ ከሆነ ሌሊት ወጥቶ ይሄዳል። ችግሩ ይኸው መውጣቱ ነው። የአፍሪካ ዋና ምድር የራሱ የሆነ የዚህ ዘር የለውም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ በ1970 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ዘር የሐይቁን የውሃ ውስጥ ተክል ጨረሰው፤ የያቢ ዘመድ የሆነው ባለ ቀይ ጥፍሩም ከማርቢያ አምልጦ ዛምቢያ ውስጥ በካፉዌ ወንዝ ተሰራጭቷል። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ዳር ካለ ጓሮ እስከ ሐይቁ ስንት እርምጃ ነው? አውስትራሊያውያን ራሳቸው የእኛን ቆሮሶ በዚሁ ፍራቻ ጎጂ ብለው ከልክለውታል። እባካችሁ ያንን አንቀጽ አንሱት።

ምርቱን በተመለከተ ውሃው ሙቅ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ወር ውስጥ 250 ግራም ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡ፤ ዓሣው ሲያልቅ ባክቴሪያውም ሰላጣውም ይራባል። በየሳምንቱ ትላልቆቹን አራት አምስት እየመረጣችሁ በምትካቸው ጫጩት አስገቡ። የሚወጣውን ዓሣ በንጹህ ውሃ ሌላ ገንዳ ከ3 እስከ 5 ቀን ያለ መኖ አቆዩት፤ የጭቃ ጣዕሙ የሚለቀው እዚያ ነው። ከዓይኑ በላይ በአጭር ዱላ አንድ ጊዜ መትታችሁ ስንጥቡን ቁረጡና በረዶ ውስጥ አድርጉት። ከ250 ግራም ዓሣ የሚወጣው ንጹህ ሥጋ 80 ግራም ግድም ነው፤ ሲሸጡ ሒሳቡን በዚህ ያስሉ።

የጓሮ ዓሣ አርቢዎች፣ ከአዳማ