ዘንድሮ ነነዌን አልጾምም ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽንም ጉንፋኑ ለቆታል።

ባለፈው ስንደዋወል ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «እማ፣ ሰውዬው የዕቁባችንን ብር በልቶ ቤት እያሠራ ነው። እግዜር ያያል ትይኛለሽ። ካየ ለምን ዝም ይለዋል? እኔ ዘንድሮ ነነዌን አልጾምም» አልሽኝ። ይህ በስልክ የሚያልቅ ነገር አልመሰለኝም። ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ።

መጀመሪያ፣ መቆጣትሽ ልክ ነው። ታክሲ ትተሽ በእግርሽ እየሄድሽ፣ ምሳሽን ከቤት እየቋጠርሽ የጣልሽው ዕቁብ ነው። ዕጣው አንቺ ጋ ሊደርስ ሲል ሰብሳቢው ስልኩን አጠፋ። እኔም ስሰማ «የእጁን ይስጠው» ብያለሁ። እግዚአብሔርም በዚህ ይቆጣል። ሐዋርያው ያዕቆብ ሀብታሞች የቀሙት የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ደርሷል ይላል። ግፍ አይቶ ምንም የማይመስለው አምላክ ቢሆን ደጁን አልጠናም ነበር።

ግን እኛ ስንቆጣ ሰውዬው እንዲጎዳልን እንፈልጋለን። እሱ ሲቆጣ ግፉ እንዲቆም፣ ሰውዬውም እንዲመለስ ይፈልጋል። አንቺ ዝምታ ያልሽው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚፈታው።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን አውጥተሽ አንብቢ። ቀኑ ሰንበት ነው። ምኩራብ ውስጥ እጁ የሰለለች ሰው አለ። ጌታን የሚጠባበቁትም አሉ። የበሽተኛው ነገር አላሳሰባቸውም፤ ቢፈውሰው ሊከሱት ነው። በሰንበት መልካም ማድረግ ነው የተፈቀደው ወይስ ክፉ ብሎ ሲጠይቃቸው አንዳቸውም አልመለሱም። ያን ጊዜ ዙሪያውን በቁጣ አያቸው። ወንጌሉ ቁጣውን አልሸሸገም። እዚያው ላይ ግን ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዘነ ይላል። እየተቆጣ ያዝንላቸው ነበር። ከዚያስ ምን አደረገ? አንዱንም አልመታም። ወደ በሽተኛው ዞሮ «እጅህን ዘርጋ» አለው፣ እጁም ዳነች። ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

አሁን ወደ ነነዌ ልምጣ። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርሽው ዓሣ አንበሪ የዋጠውን ዮናስን ነው። እኔ የምወደው ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው፤ ሰው ብዙም አያነሳውም። እግዚአብሔር ነነዌ ሄደህ ስበክ ሲለው ዮናስ ወደ ተርሴስ የሸሸው ዝም ብሎ አይደለም። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት። አሦር ደግሞ በግፉ አገር ያወቀው መንግሥት ነው። ኋላም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ሰማርያን ይዞ የዮናስን ወገኖች ማርኮ ወስዷል። ስለዚህ ዮናስ የሚቆጣበት ነገር ነበረው፣ እንዳንቺው። ለምን እንደሸሸም ራሱ ለእግዚአብሔር ይናገራል፦ አንተ ይቅር ባይና ታጋሽ እንደሆንክ ስለማውቅ ነው የሸሸሁት ይለዋል። እነዚያን ሰዎች ይምራቸዋል ብሎ ነው የፈራው!

ኋላ ሄዶ ከተማዋ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ሰዎቹም ጾመው ተመለሱ፣ እግዚአብሔርም ማራቸው። ዮናስ ግን ተቆጥቶ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ መጥፊያዋን ሊያይ ተቀመጠ። እግዚአብሔር ቅል አበቀለለት፤ ጥላ ሆነችው፣ ደስም አለው። በማግሥቱ ትል መታት፣ ደረቀች። ፀሐዩ አናቱን ሲበሳው ሞቴን አምጣው አለ። የተሰጠውን መልስ ታውቂያለሽ? አንተ ላልደከምክባት፣ በአንድ ሌሊት በቅላ በአንድ ሌሊት ለደረቀች ቅል አዝነሃል። እኔስ ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎች፣ ለእንስሶቻቸውም አላዝንምን? መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ዮናስ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ከብቶቹን እንኳ ማሰቡ ሁሌም ይገርመኛል።

ደግሞ ልብ በይ፤ ሊያጠፋ የቆረጠ አምላክ ነቢይ ልኮ፣ ቀን ቆርጦ አያስጠነቅቅም። ዛቻው ራሱ እንዲመለሱ ነው። የነነዌ ንጉሥ አመድ ላይ ተቀምጦ ሲያውጅ ጹሙ ብቻ አላለም፤ ሁሉም በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ አለ። እግዚአብሔርም ያየው ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ያንቺም ሰውዬ ብሩን ሳይመልስ ቢጾም፣ ቢሰግድ፣ ቢሳል ተመለሰ አይባልም። እንዲህ ያለ ይቅርታ ስጪ እያልኩሽ አይደለም።

ባይመለስስ? ነቢዩ ናሆም ስለዚያችው ነነዌ ሲናገር እግዚአብሔር ለቁጣ የዘገየ ነው፣ በደለኛውን ግን ንጹሕ ነህ አይልም አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ከተማዋን ደመሰሷት። ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ከሞሱል አጠገብ፣ በጤግሮስ ዳር ይታያል። ጡር የሚባለው ነገር አለ ልጄ። ቀኑን የምንቆርጠው ግን እኛ አይደለንም።

የዘብዴዎስን ልጆች ያዕቆብንና ዮሐንስንም አስቢ። አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ሲል፣ እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንበል ወይ ብለው ጠየቁት። ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ያው ዮሐንስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከጴጥሮስ ጋር ሰማርያ ወርዶ፣ መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ ይጸልይላቸዋል፣ እጁንም ይጭንባቸዋል። ይቃጠሉ ባላቸው በሳምራውያን ላይ! ያን ቀን የለመነው ቢሰጠው መንደሯ አመድ ትሆን ነበር፤ ዮሐንስም ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይቀር እንደነበር እንጃ። እኔ ለሰውዬው ብቻ አይደለም የማስበው። የምሰጋው ላንቺ ነው። ሌሊት ሌሊት ቤቱ ሲፈርስበት እያሰብሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ነግረሽኛል።

«ምን ኃጢአት ብሠራ ነው እኔ ላይ የደረሰው» ያልሽውን ግን ተይው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች የነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጌታ ጠይቋል። አይደለም ብሎም መልሷል። የተቀማሽው በሌባ ነው። እግዚአብሔር የቀጣሽ አድርገሽ አትውሰጂው።

ነነዌ ሰኞ ትገባለች። ሦስት ቀን ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ብትጾሚ ደስ ይለኛል። አልችልም ካልሽም ቤተ ክርስቲያን ሂጂና ዮናስ ሲነበብ ስሚ። የሰውዬውን ስም አንስቶ መጸለይ አሁን ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። እሱን ለኔ ተይልኝ፤ ላንቺም ለእሱም እግዚኦ እላለሁ።

ከዕቁብተኞቹ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የተቀጠራችሁበት ቀን እንዳያልፍሽ። እግዚአብሔር ይታገሣል ማለት ክሱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ብሩን እንዲመልስ ማስገደድ ለእሱም ይበጀዋል። የፈረመበትን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ ኮፒውን ስጪ እንጂ ዋናውን ለማንም አትልቀቂ። ምስክር የሚሆኑትን ሁለቱን ሴቶችም ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። ሲያልቅ ደውዪልኝ።

እናትሽ