ቅዳሜ ስለ ኦንላይን ጆርናሎች ምዝገባ እንወስን
ሰላም ባልደረቦች፣ ቅዳሜ የምንገናኘው አንድ ነገር ለመወሰን ነው፦ የኦንላይን ጆርናል በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ የራሱ መዝገብ ይኑረው ወይስ በኅትመቱ መዝገብ ላይ ሊንኩን ብቻ እንጨምር? እኔ ለየብቻ ባይ ነኝ። የሁለቱ አይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ ቁጥር) ይለያያል፣ መዝገቦቹን በ776 (ሌላውን ቅጂ በሚጠቁመው የመዝገቡ መስክ) ማገናኘት ይቻላል፣ ጆርናሉ ስሙን ሲቀይር ወይም ኅትመቱ ሲቆምም ለብቻው የተመዘገበውን ማስተካከል ይቀላል። 856 (ሊንክ የሚገባበት መስክ) ላይ ያሉትን ሊንኮችም ማን በየጊዜው እንደሚፈትሽ እንነጋገር። ተማሪው ሊንኩን ተጭኖ ባዶ ገጽ ሲመጣበት ተስፋ ቆርጦ ነው የሚሄደው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 4 ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ። ላፕቶፕ ያላችሁ ያዙ፤ ለመመዝገብ ያስቸገሯችሁን ሁለት ሦስት ጆርናሎችም ይዛችሁ ኑ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን። የማይመቻችሁም ሐሳባችሁን ጻፉልን።