ኮፈኑ ትኩስ ነበር

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ስልክህን ያላነሳሁት ቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው።

መኪና ልገዛ ነው ስልህ «ጠዋት ሂድ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረስበት፣ ካልሆነም መጥቼ አብረን እናያታለን» ብለኸኝ ነበር። እኔ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን። ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። ይቺን ዘዴ እንኳን እኔ እናቴም ታውቃታለች። ግን ቪትዟ ታጥባ ታበራለች። ሊብሬውን አየሁ፣ ጎማዋን በእግሬ መታሁ፣ ገዛሁ። ጎማ መምታት ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ትኩስ ነበር። ሳልደርስ አሙቀዋታል። የሬዲዮኑ ሰዓትም የተሳሳተ ነበር። ባትሪ ነቅለው የቼክ ኢንጅኑን መብራት እንዳጠፉት የገባኝ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲበራ ነው። እሱንም እንደ ጌጥ ለመድኩት።

ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላት ጤነኛ ትሆናለች። የክረምት ብርድ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። እሞላለሁ፣ እሄዳለሁ። መቼም ታውቀኛለህ። አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስወጣ ቀዩ መብራት በራ። ይቺ መኪና የሙቀት ጌጅ እንኳን የላትም። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ስትግል ቀይ፣ በመሃል ዝም።

መካኒኩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ኮምፒውተር አሰሩባት። ፒ0302 አለ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቀጣጥልም ማለት ነው። ያላት ሦስት ብቻ ነው፣ አንዱ ሲያርፍ ሲሶው ጉልበት ሄደ። እኔ ዩቲዩብ አይቼ ስለነበር፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን «ቦቢና እንቀይር» አልኩ። ሳይመልሱልኝ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ሦስቱን ካንዴላ ፈትተው ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ሁለቱ ቡናማ ናቸው። የመሃሏ ግን ታጥባ የተሰጣች ይመስል ንጹሕ! «ይቺስ ደህና ናት» አልኩ። ሳቁብኝ። ለካ ሌሊት ውሃ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት በእንፋሎት ያጥባታል።

ከዚያ ኮምፕረሽን፣ የየሲሊንደሩን ግፊት፣ ለኩ፦ 170፣ 95፣ 165። የመሃሉ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ለኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ችግሩ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ከፍ ያደርገው ነበር አሉኝ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን ሲያስነሱት ውሃው እንደ ሽሮ ተንተከተከ። የተበላሸው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ።

ቴስታታው ሲወርድ ተጣሞ ተገኘ። ቶርኖ ቤት አስላግነው፣ ጓርኒሲዮኑን ከሶማሌ ተራ አምጥተን ተገጠመ። ዋጋውን አልነግርህም። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ ዝገት ብቻ ነው፤ የቀድሞ ባለቤቷ የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። ክዳኑም ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። በአንዲት ክዳን ይሄ ሁሉ መዘዝ!

ቅዳሜ ወደ አዳማ እወርዳለሁ። አንተ ጋ ነው የማድረው። እሁድ ጠዋት ቁልፉን እሰጥሃለሁ፣ አንተ ታስነሳታለህ። ያቺን ካንዴላ አልጣልኳትም፣ ይዤልህ እመጣለሁ።

ወንድምህ